እማዬ፣ ስለ ስቴም ሴሉ ነገር

እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኛ እዚህ ሜሪላንድ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

የጎረቤታችን ልጅ ስላሳየሽ ማስታወቂያ ነው የምጽፍልሽ። ስቴም ሴል (ወደ ሌላ ዓይነት ሴል ሊለወጥ የሚችል የሰውነት ሴል) እና የቻይና ዕፅ አንድ ላይ ብትወስጂ ልብሽ እንደ አዲስ ይሆናል ብሎሻል። ለዚህ ስትይ ቦታውን ልትሸጪ ማሰብሽን እህቴ ነግራኛለች። (አትቆጫት፣ እኔ ነኝ ያወጣጣኋት።) መድኃኒት ቤት ስለምሠራ እንዲህ ያለውን ጥያቄ በየቀኑ እሰማለሁ።

ነገሩ ከሜዳ የተነሳ አይደለም። ሃርት አታክ ሲይዝሽ ደም የተቋረጠበት የልብሽ ሥጋ ሞቶ ጠባሳ ሆኗል። ጠባሳ ደግሞ አይመታም። እዚያ ላይ ስቴም ሴል ቢወጉት አብዛኛው በጥቂት ቀናት ውስጥ ያልቃል፤ እሳት በበላው መሬት ላይ ችግኝ እንደመትከል ነው። የቻይና ሐኪሞች ታዲያ ቶንግሺንሉኦ የሚባል የባህል መድኃኒት ጨምረው ሴሎቹ እንዲተርፉ ለማድረግ ሞከሩ። ጥሩ ነገርም አዩ። ግን የሞከሩት፣ ስሙን ስጠራ ይቅር በይኝና፣ አሳማ ላይ ነው።

ቶንግሺንሉኦ ውስጥ ምን እንዳለ ልንገርሽ? ጂንሰንግ፣ ዕጣን፣ አልቅት፣ ጊንጥ። ዕጣኑስ ይሁን፣ ጊንጡን እንጃ! ያለ ስቴም ሴል ሲሰጥ ግን የሚናቅ አይደለም። በፈረንጆቹ 2023 ቻይና ውስጥ ከ3,700 በላይ ሕሙማን ላይ የተሠራ ጥናት ወጥቷል። በ30 ቀን ውስጥ ሞት፣ ዳግም ሃርት አታክ፣ ስትሮክና የመሳሰለው ያገኛቸው መድኃኒቱን ከወሰዱት 3.4 በመቶ፣ ካልወሰዱት 5.2 በመቶ ናቸው። እነዚያ ሰዎች ግን ሕመሙ ከጀመራቸው 24 ሰዓት ያልሞላቸው ነበሩ። የሐኪሙንም መድኃኒት አላቋረጡም፤ ይሄኛው በላዩ ላይ ነው የተጨመረላቸው። አንቺ ግን ሃርት አታኩ ከያዘሽ ያ 24 ሰዓት ካለፈ ቆይቷል።

ስቴም ሴሉ በሰው ላይ እስካሁን ተስፋው እንጂ ፍሬው አልታየም። አውሮፓ ውስጥ 3,000 ሰው ላይ ሊሞክሩት አስበው 375 ብቻ አግኝተው ቀሩ፤ በ2020 ያወጡት ውጤትም ቁርጥ ያለ መልስ አልሰጠም። ይባስ ብሎ በ2018 ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አንድ ስመ ጥር የልብ ስቴም ሴል ተመራማሪ ከጻፋቸው 31 ጽሑፎች እንዲሰረዙ ጠየቀ፤ ውሂቡ ተጭበርብሯል ተብሎ። እዚህ አሜሪካም ለልብ የተፈቀደ የስቴም ሴል ሕክምና የለም። ማስታወቂያው ይሄን ሁሉ አይነግርሽም።

እኔን የሚያስፈራኝ ግን ከዚህ ሁሉ በላይ ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆድ የምትውጪው ነጭ ሽንኩርት ነው። ወጥ ውስጥ ያለው ምንም አይልሽም። እፍኝ ሙሉ ተወቅጦ ከማር ጋር ሲሆን ግን ሌላ ነው። አስፒሪኑም ክሎፒዶግሬሉም ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ ናቸው፤ ሽንኩርቱም ወደዚያው ያዘነብላል። ድድሽ ከደማ፣ ሰገራሽ ከጠቆረ ዝም አትበይ። ደግሞ «ዕፁ ይበቃኛል» ብለሽ ክሎፒዶግሬሉን እንዳታቆሚ፣ በወለድሽኝ ይዤሻለሁ። ስቴንት (የጠበበ የልብ ደም ሥርን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ) ያለበት ሰው ሐኪሙ ሳይለው ካቋረጠ፣ ስቴንቱ ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል።

በሚቀጥለው ቀጠሮሽ የምትጠጪውን ሁሉ ለሐኪምሽ ንገሪው፣ አትፈሪው። እህቴም የጠርሙሶቹን ፎቶ አንድ በአንድ አንስታ ትላክልኝ። ቦታውን አትሽጪ።

የምትወድሽ ልጅሽ