የኮምፒውተር ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ኬዙ ውስጥ አልገባ ያለው ካርድ

የዘንድሮ ሥራችን የተጀመረው በአንድ ስጦታ ነው። ጥቅምት ላይ አንድ የ11ኛ ክፍል አባላችን በፎጣ የተጠቀለለ ግራፊክስ ካርድ (የኮምፒውተሩን የምስልና የቪዲዮ ሥራ የሚሠራ ዕቃ) ይዞ መጣ። አጎቱ ከዋሽንግተን ሲመጣ ሻንጣው ውስጥ ይዞለት የመጣ ነው። አርኤክስ 580 ይባላል፤ በፈረንጆቹ 2017 የወጣ፣ 8 ጊጋባይት የራሱ ሜሞሪ ያለው ካርድ። ያገለገለ ቢሆንም ንጹሕ ነበር። ልጁ ቤቱ ያለው ላፕቶፕ ነው፤ ካርዱ አይገባበትም። ስለዚህ “ቲቸር፣ ለሚኒ ሚዲያ ይሁን” አለኝ። የሚኒ ሚዲያ ልጆች አምና የወላጆች ቀንን ቪዲዮ ሲያቀናብሩ ኮምፒውተሩ እየቆመባቸው ምን ያህል እንደተቸገሩ አይቷል።

ቤተ ሙከራችን ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት አዲስ ሲገዛ የሰጠን 9 ዴስክቶፖች አሉ። ሁሉም የታወቀ ብራንድ ናቸው። ቀጭን፣ ጠረጴዛ ላይ የሚጋደሙ፣ ፕሮሰሰራቸው (የኮምፒውተሩ አንጎል) 3ኛ ጀነሬሽን ኮር አይ 5፣ ራማቸው (ጊዜያዊ ማስታወሻው) 4 ጊጋ። የአንዱን ክዳን ከፈትንና ካርዱን ለካነው። አልገባም። የካርዱ ቁመት ከኬዙ፣ ማለትም ከኮምፒውተሩ ሣጥን፣ ይበልጣል።

“ክዳኑን ከፍተን ብንተወውስ?” አለች አንዷ። ጥሩ ጥያቄ ነበር። ግን ቀጣዩ ግድግዳ መብራት ነው። ካርዱ የሚሰካበት ስሎት ቢበዛ 75 ዋት ይሰጣል። አርኤክስ 580 ደግሞ እስከ 185 ዋት ይፈልጋል። ቀሪውን ከፓወር ሰፕላዩ (መብራቱን ለዕቃዎቹ ከሚያከፋፍለው ክፍል) በተለየ ገመድ መውሰድ አለበት። የኛ ዴስክቶፕ ያ ገመድ የለውም። ፓወር ሰፕላዩ ራሱ ለሁሉም ነገር ያለው 240 ዋት ብቻ ነው።

እንግዲያው ፓወር ሰፕላዩን እንቀይረው አልን። ከሌላ የተበላሸ ኮምፒውተር አንድ መደበኛ አወጣን። መሰኪያው 24 እግር ነው፤ የኛ ማዘርቦርድ (ዕቃዎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ሰሌዳ) ላይ ያለው ባለ 6 ነው። የብሎኖቹ ቦታም አይገጥምም። ፋብሪካው ለራሱ ኬዝ ብቻ የሠራው ዕቃ ነው። አስማሚ ገመድ ይገኛል፤ ግን ኬዙ አሁንም ካርዱን አያስገባም። በዚያ ሐሙስ ልጆቹ ዝም ብለው ወጡ።

እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። ዓመቱን ሙሉ የምንሠራበት ጥያቄ አገኘን፦ ወደፊት ልናሳድገው የምንፈልግ ከሆነ የተገጣጠመ ኮምፒውተር መግዛት ይሻላል ወይስ ዕቃውን ገዝቶ ራስ መገጣጠም?

ታኅሣሥ ላይ ክርክር አደረግን። “ያለቀለት ይገዛ” ያሉት ልጆች ጠንካራ ነገር ይዘው መጡ። ያለቀለት ኮምፒውተር ሲበላሽ የምትሄደው አንድ ሰው ጋ ነው። ራስህ ከገጣጠምከው ግን የራም ሻጩ “ማዘርቦርዱ ነው” ይላል፣ የማዘርቦርድ ሻጩ “ራሙ ነው” ይላል፣ አንተ መሀል ትቀራለህ። ዋጋውም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አልፏል። አዲስ ዕቃ አንድ በአንድ ለቅሞ መግዛት ከባድ ሆኗል። ከቢሮ የወጣ ዩዝድ ብራንድ ደግሞ መርካቶም መገናኛም ሞልቷል፣ ርካሽም ነው።

“እንገጣጥም” ያሉት ቡድኖች መልስ አጭር ነበር። ጠረጴዛው ላይ ካርዱን አስቀመጡና “ይሄ የት ይግባ?” አሉ።

የኔን አስተያየት ሲጠይቁኝ ያልኳቸውን እዚህም እጽፋለሁ። ማን ገጣጠመው የሚለው ዋናው ጥያቄ አይደለም። ዕቃዎቹ መደበኛ ልክ ያላቸው ናቸው ወይስ የአንድ ፋብሪካ ብቻ? ኤቲኤክስ የሚባለው ልክ በፈረንጆቹ 1995 በኢንቴል ከወጣ ጀምሮ የኬዝ፣ የማዘርቦርድና የፓወር ሰፕላይ ብሎኖች ከአገር አገር ይገጥማሉ። ሱቅ ውስጥ ተገጣጥሞ የተሸጠ ኮምፒውተርም በዚህ ልክ ከተሠራ እንደልብ ያድጋል። ካልሆነ ራምና ዲስክ ትቀይራለህ፣ እዚያ ላይ ያበቃል።

ያም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም። ጥር ላይ 9ኙን ቀጫጭን ዴስክቶፖች አንድ በአንድ ከፈትን። አቧራቸውን ጠረግን፣ የደረቀውን ቴርማል ፔስት (የፕሮሰሰሩን ሙቀት ወደ ማቀዝቀዣው የሚያሻግር ቅባት) አድሰን ቀባን። ሀርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ ቀየርን፣ ራሙን 8 ጊጋ አደረስን። ከመብራት እስከ ሥራ 4 ደቂቃ ገደማ ይፈጅባቸው ነበር። አሁን ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። ሀርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከር ሰሌዳና ፋይል ለመፈለግ ወዲያ ወዲህ የሚል ክንድ አለ፤ ኤስኤስዲ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። አንድ የተበላሸ ዲስክ ፈትተን ያንን ክንድ በዓይናቸው ሲያዩት ነገሩ ገባቸው። ቤታችሁ አሮጌ ዴስክቶፕ ያላችሁ ወላጆች፣ እባካችሁ ከመጣላችሁ በፊት ይህንን አንድ ነገር ሞክሩ።

ለሚኒ ሚዲያው ግን ገጣጥመን ሠራን። የወላጅ መምህር ኅብረት ብር ፈቀደልን። ተማሪዎቹ ሦስት ቅዳሜ ሱቅ ለሱቅ ዞረው ዋጋ ጽፈው መጡ። ብዙ የተከራከርነው በፕሮሰሰሩ ሶኬት፣ ማለትም ማዘርቦርዱ ላይ በሚሰካበት ቦታ፣ ላይ ነው። ኢንቴል ሶኬቱን ቶሎ ቶሎ ይቀይራል። በፈረንጆቹ 2020 አንድ አወጣ፣ 2021 ላይ ሌላ፣ 2024 ላይ ደግሞ ሌላ። ተፎካካሪው ኤኤምዲ ኤኤም 4 የሚባለውን ሶኬት ግን ከመጀመሪያው ራይዘን ፕሮሰሰሩ ከ2017 አንስቶ እስከ 2022ቱ 5800 ኤክስ 3ዲ ድረስ ይዞት ቆይቷል። ስለዚህ ያገለገለ ራይዘን 5 3600 እና ባለ አራት የራም ስሎት ቢ450 ማዘርቦርድ መረጥን። ብር ሲገኝ ማዘርቦርዱን ሳንነካ፣ ባዮሱን (ማዘርቦርዱን የሚያስነሣውን ፕሮግራም) አድሰን ብቻ፣ ከዚያው ሶኬት ጠንካራውን ፕሮሰሰር መሰካት ይቻላል። ኤኤም 4 የራሱ ጣሪያ አለው፤ ተተኪው ኤኤም 5 የሚቀበለው ከኛ የተለየውን ዲዲአር 5 የሚባል የራም ዓይነት ብቻ ነው። ለኛ አቅም ግን በቂ ነው።

ብር መቆጠብ ያልፈቀድኩላቸው አንድ ቦታ ፓወር ሰፕላዩ ላይ ነው። ከኬዙ ጋር “በምርቃት” የሚሰጥ ነበር። ልጆቹ ተቆጡኝ፤ በልዩነቱ ተጨማሪ ራም መግዛት ይቻላል አሉ። እኔ እምቢ አልኩ። መለያው ላይ 500 ዋት የተጻፈበት ሁሉ 500 ዋት አይሰጥም። መብራት ሄዶ ድንገት ሲመለስ መጀመሪያ የሚመታው እሱ ነው፣ መጥፎ ከሆነም ሌላውን ይዞ ይሞታል። ለአርኤክስ 580 የሚመከረው 500 ዋት ስለሆነ የታወቀ ስም ያለው 550 ዋት ገዛን። መብራት ሲጠፋ በባትሪ ከሚያቆየው ዩፒኤስ ጋር አገናኘነው።

የግጥሚያው ቀን መጋቢት ላይ ነበር። ስድስት ልጆች በካቻቢቴ፣ ሌሎቹ በዓይን። ከሁሉ በፊት እጃችንን የኬዙን ብረት አስነካን፤ ሰውነታችን ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ዕቃ ያቃጥላል። የኤኤም 4 ፕሮሰሰር ከሥሩ 1331 ቀጫጭን እግሮች አሉት። አንዱ ከተጣመመ አለቀ። ማዕዘኑ ላይ ያለችውን ትንሽ ሦስት ማዕዘን ከሶኬቱ ምልክት ጋር አግጥሞ፣ ሳይጫኑ፣ እንዲሁ ማስቀመጥ ነው። ያስቀመጠችው የ10ኛ ክፍል ልጅ ናት። ትንፋሿን ይዛ ነበር፤ እኛም እንደሷ።

ከአሮጌዎቹ የተረፈ ራም እንጠቀም ያለ ልጅ ነበር። ሞከረው፣ አልገባም። የአሮጌዎቹ ዲዲአር 3 ራም ቁርጥ ከአዲሱ ማዘርቦርድ ዲዲአር 4 ስሎት ጋር አይገጥምም። በግድ እንዳይገባ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው።

ከዚያ አበራነው። ፋኑ ዞረ። ስክሪኑ ጥቁር ነው። ራሙን ነቅለን ሰካን። ካርዱን ነቅለን ሰካን። 40 ደቂቃ ሄደ፤ አንዳንዶቹ ፊታቸው ተለዋወጠ። ጥፋቱን ያገኘችው እስከዚያ ቃል ያልተነፈሰች የ9ኛ ክፍል ልጅ ናት። “ቲቸር፣ የስክሪኑ ገመድ የተሰካው ማዘርቦርዱ ላይ ነው” አለች። እውነቷን ነው። ራይዘን 5 3600 የራሱ ግራፊክስ የለውም፤ ምስሉ የሚወጣው ከካርዱ ብቻ ነው። ገመዱን አዛወረችው። ምስሉ መጣ። የጩኸቱ ድምፅ የርዕሰ መምህራችን ቢሮ ድረስ ተሰምቷል።

አምና ለማውጣት ሙሉ ሌሊት የፈጀው የወላጆች ቀን ቪዲዮ ዘንድሮ በምሳ ሰዓት አለቀ።

በሰኔው ስብሰባ አንድ ወላጅ “ታዲያ እኔ ለልጄ የቱን ልግዛ?” ብለው ጠየቁኝ። ለጽሑፍ፣ ለጥናትና ለኢንተርኔት ከሆነ አንድ ጥሩ ዩዝድ ብራንድ ከኤስኤስዲ ጋር ይበቃዎታል አልኳቸው። ቪዲዮ፣ ዲዛይን ወይም ጌም ካለበት ግን ከመክፈልዎ በፊት ሻጩ ክዳኑን ይክፈትልዎ። ፓወር ሰፕላዩ መደበኛ ነው ወይ? ስንት የራም ስሎት ባዶ አለ? ሙሉ ቁመት ካርድ ይገባል ወይ? ክዳኑን አልከፍትም ካለ ሌላ ሱቅ ይሂዱ።

ለሚቀጥለው ዓመት የቀረን ሥራ አለ። ጥቅምት 4 ቀን 2018 የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ያበቃል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በኩል 8ኛ ጀነሬሽንና ከዚያ በላይ ነው የሚጠይቀው፤ የኛ 9 ዴስክቶፖች 3ኛ ናቸው። ሁለቱ ላይ በዊንዶውስ ፋንታ ሊነክስ ጭነን ከግንቦት ጀምሮ እየሞከርነው ነው፤ አማርኛ መጻፊያውም ይሠራል። የቀሩትን 7 ትምህርት እንደተጀመረ እንጭናለን። መግባት የሚፈልግ ተማሪ መስከረም ላይ፣ ሐሙስ ከ10 ሰዓት ጀምሮ ቤተ ሙከራ ይምጣ። ካቻቢቴ እኛ ጋ አለ።