ብረቱን ከመቀየራችሁ በፊት አካሄዱን እዩ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

እንደምን ሰነበታችሁ? ባለፈው እሑድ በመዝናኛ ገጻችሁ ላይ፣ ክረምቱን ሲያትል አካባቢ ዘመድ ጋ ለሚያሳልፉ አንባቢዎች ስለ ኮካኒ ዓሣ አጠማመድ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። እሰየው ነው ያልኩት። በአማርኛ ስለዚህ ነገር ሲጻፍ እምብዛም አይታይም። አንድ ቦታ ላይ ግን ከጸሐፊው ጋር አልተስማማንም። ዓሣ እምቢ ያለው ሰው፣ ዓሣውን ለመጥራት ከመንጠቆው ፊት ክሩ ላይ የሚታሰረውን በየቀለሙ የሚያብለጨልጭ ብረት ገዝቶ እየቀያየረ ይሞክር ይላል። ሮዝ፣ ብርቱካንማ፣ ቀይ፣ ወርቃማ እያለ ዘርዝሯል። ብረቱ ውሃ ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ ግን አንድም ቃል የለም። ዋናው ነገር ደግሞ እሱ ነው።

እኔ ፒያሳ ውስጥ የወርቅና የብር ሥራ የምሠራ አንጥረኛ ነኝ። ሙያውን ከአባቴ ነው የወረስኩት። የእህቴ ልጅ ከሲያትል በስተሰሜን ሌክ ስቲቨንስ የሚባለው ሐይቅ አጠገብ ይኖራል። ሐይቁ በኮካኒ የታወቀ ነው። ለልጁ ከናስና ከመዳብ ማማለያ የምቀጠቅጥለት እኔ ነኝ። ልጠይቀው ስሄድ ደግሞ ከሱ ጋር ጀልባ ላይ እውላለሁ። ስለዚህ ብረቱን ከመዶሻው ሥርም፣ ከውሃው ውስጥም አውቀዋለሁ።

መጀመሪያ ስለ ዓሣው። ኮካኒ ሶክአይ የሚባለው የሳልመን ዓይነት ነው። ልዩነቱ ወደ ባሕር አይወርድም። ዕድሜውን በሙሉ የሚኖረው ጨው በሌለው ውሃ፣ በሐይቅ ውስጥ ነው። ዋና ምግቡ እንደ ዳፍኒያ ያሉ ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ፍጥረታት ናቸው። ሌላ ዓሣ እያሳደደ የሚበላ አዳኝ አይደለም። ታዲያ መንጠቆ ያለባትን ሮዝ የፕላስቲክ ማታለያ ለምን ይነክሳል? አጥማጆቹ እንደሚሉት ተናዶ ነው። አካባቢው የሚረብሽ ነገር ሲመጣበት ይጠጋል፣ ይከተላል፣ በመጨረሻም ይነክሳል። ያንን ረብሻ የሚፈጥረው ማማለያው ብረት ነው። ብረቱ ራሱ መንጠቆ የለውም። ሥራው ሁለት ነው። በብልጭታው ከሩቅ ይጠራል። በንቅናቄው ደግሞ ውሃውን ይመታል፤ ዓሣው ይህን በጎኑ ላይ ባለው የስሜት መስመር ያውቀዋል። ከብረቱ ኋላ በአጭር ክር የታሰረችው ትንሿ ማታለያም የምትወዛወዘው ብረቱ ሲወዛወዝ ነው። ብረቱ ከሰነፈ እሷም ሞተች ማለት ነው። ቀለሟ ምንም ይሁን ምን።

ገበያ ላይ ሦስት ዓይነት ታገኛላችሁ። ዶጀር የሚሉት ጠፍጣፋና ረዘም ያለ ሆኖ ጫፎቹ በትንሹ የታጠፉ ነው፤ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። ፍላሸር የሚሉት ሙሉ ክብ ይዞራል። ሦስተኛው በሽቦ ላይ የተደረደሩ ቅጠል መሰል ብረቶች ናቸው። ከነዚህም ክብ ክብ የሆኑት በዝግታም ይዞራሉ፣ ውሃውን በኃይል ይመታሉ፣ ግን ይከብዳሉ። ቀጫጭኖቹ ይፈጥናሉ፣ ሲጎተቱም ቀላል ናቸው። ለኮካኒ እኔ የምመርጠው ትንሽ ዶጀር ነው፤ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር። ምክንያቴን ልንገራችሁ። የኮካኒ አፍ ስስ ነው፣ ቶሎ ይቀደዳል። በእናንተና በዓሣው መካከል ትልቅ ብረት ካለ ዓሣው ሲታገል የብረቱ ክብደት መንጠቆውን ይነቅለዋል። ዘንጉም ለስላሳ፣ በቀላሉ የሚጎብጥ ቢሆን ይመረጣል። ዓሣው ሲይዝ በኃይል መንጭቆ መሳብ አያስፈልግም።

አሁን ወደ አካሄዱ ልምጣ። ኮካኒ የሚጠመደው ጀልባውን በጣም በዝግታ እየነዱ ክሩን በመጎተት ነው። ፍጥነቱ በሰዓት ከ1.5 እስከ 3 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። አብዛኛውን ጊዜ 2 አካባቢ ነው። ለአዲስ አበባ ሰው በቀላሉ ለማስረዳት፣ ከጃን ሜዳ ታቦት ሲሸኝ የሚኬደው አካሄድ ነው። ከዚያ ትንሽ ፈጠን ካለ ብዙው ዶጀር መወዛወዙን ትቶ መሽከርከር ይጀምራል። ሲሽከረከር ክሩን ይጠመዝዛል፣ ምቱም ይጠፋል። ከዚያ ከዘገየ ደግሞ እንደ ተራ ቆርቆሮ ዝም ብሎ ይጎተታል።

ስለዚህ ክሩን ወደ ጥልቁ ከመልቀቃችሁ በፊት ብረቱን ከጀልባው ጎን ውሃ ውስጥ አስገቡትና እዩት። ጀልባው በምታጠምዱበት ፍጥነት ይሂድ። ብረቱ ወደ ቀኝ ተኝቶ፣ ለአፍታ ቆም ብሎ፣ ወደ ግራ መተኛት አለበት። እንደገና ወደ ቀኝ። ትንሿ ማታለያ ከኋላው ብድግ ቁጭ ማለት አለባት። ክሩን በሁለት ጣት ብትይዙት ምቱ ይሰማችኋል፤ ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ፣ እኩል በእኩል። ይህን ሳያዩ 20 ሜትር ጥልቀት ውስጥ ጥሎት ቀኑን ሙሉ ቀለም የሚቀያይር ሰው አይቻለሁ። ያሳዝነኛል። ከታች ያለው ነገር ሕይወት እንደሌለው በምን ይወቅ?

ብረቱ ከሰነፈ መፍትሔው ሌላ መግዛት አይደለም። ማጠፍ ነው። ከኋላው፣ ማለትም ማታለያዋ ከታሰረችበት ጫፍ፣ ከርዝመቱ ሲሶ ያህሉን በሁለቱ አውራ ጣቶቻችሁ ያዙትና በትንሹ ጎበጥ አድርጉት። በጣም በትንሹ። በዓይን ልዩነቱ ሊያስታውቅ አይገባም። ውሃ ውስጥ መልሳችሁ እዩት። አሁንም ከሰነፈ ትንሽ ጨምሩ። መሽከርከር ከጀመረ ግን አልፋችኋል፣ መልሳችሁ አቅኑት። ስታጥፉት ሁለቱም ጠርዝ እኩል ይታጠፍ። አንዱ ማዕዘን ከተጣመመ ብረቱ ወደ አንድ ጎን ያዘነብልና ይገለበጣል። ይህ በዘፈቀደ የሚሆን ነገር ስላልሆነ ከማጠፋችሁ በፊት ብረቱን በጎኑ አቁማችሁ ቅርጹን ካርቶን ላይ በእርሳስ ንደፉት። ሲበላሽ ወደ መነሻው የምትመለሱት በዚያ ነው። እኔ ሱቄ ውስጥ ጥሩ ለሄደ ብረት ሁሉ ካርቶን አለኝ።

ናስ የምትቀጠቅጡ የሙያ ጓዶቼ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። ናስ በእሳት ሲግል ይለሰልሳል፣ ሲቀጠቀጥ ይጠነክራል። አግላችሁ ቅርጽ አስይዛችሁ ከተዋችሁት ማጠፊያው ውሃ ውስጥ አይቆይም፤ አንድ ደህና ዓሣ ሲስበው ይቃናል። ከመጨረሻው እሳት በኋላ መላውን ብረት በመዶሻ መምታት የግድ ነው። ምቱም ለጌጥ ብቻ አይደለም። በመዶሻ የተወቀረ ገጽ ብርሃኑን ወደ ብዙ አቅጣጫ ይበትናል። የተወለወለ ልሙጥ ገጽ ደግሞ አንድ ኃይለኛ ብልጭታ ይሰጣል። ፀሐይ በበረታበትና ውሃው በጠራበት ጊዜ የብር ቀለም ያለውን እመርጣለሁ። ጎሕ ሲቀድ ወይም ውሃው ደፍረስ ሲል ናሱንና መዳቡን። ናስ ሲጠቁር ሎሚና ጨው ቀብቶ ማሸት፣ በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ ይበቃል።

አዲስ አበባ መሃል ሐይቅ የለምና የት ትሞክረዋለህ ትሉኝ ይሆናል። እዚሁ አካባቢያችን አንድ ሆቴል መዋኛ አለ። ሰው ሳይገባ በማለዳ ይፈቅዱልኛል። ብረቱን በዘንግ አስሬ በመዋኛው ጠርዝ እየተራመድኩ እጎትተዋለሁ። የመዋኛው ጠባቂ በስልክ ከጎን ይቀርጸዋል። ወዲያው በቴሌግራም ለእህቴ ልጅ እልከዋለሁ። «ጋሼ፣ ትንሽ ሰንፏል፣ ጭራውን ጨምርበት» ይለኛል። እጨምራለሁ። እዚህ ሳይስተካከል አንድም ብረት አውሮፕላን አይሳፈርም።

ሌላው በጽሑፋችሁ ውስጥ የተዘለለው የክሩ ርዝመት ነው። ከብረቱ እስከ ማታለያዋ ያለውን ማለቴ ነው። ሁቺ የምትባለው ለስላሳዋ የፕላስቲክ ማታለያ የራሷ እንቅስቃሴ የላትም። ሁሉንም የምትበደረው ከብረቱ ነው። ስለዚህ ክሯ አጭር ይሁን፤ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር፣ የብረቱ ርዝመት እጥፍ ገደማ ማለት ነው። ክሩም ወፈር ያለ ቢሆን ምቱን በደንብ ያስተላልፋል። የራሷን ዙር የምትዞር ስፒነር ወይም ማንኪያ መሰል ማታለያ ከሆነች ግን ከ40 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ስጧት። አሳጥራችሁ ካሰራችኋት የብረቱ ምት የራሷን አካሄድ ያበላሽባታል። ዓሣው እየተከተለ የማይነክስ ከሆነ እኔ መጀመሪያ የምነካው ክሩን ነው። በሁለት ጣት ስፋት አሳጥረዋለሁ። ቀጥሎ ፍጥነቱን። ቀለም የመጨረሻው ነው። ሦስቱን ባንድ ጊዜ ከቀየራችሁ ግን የትኛው እንደሠራ በምን ታውቃላችሁ?

ፍጥነቱን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። ጀልባውን ቀጥ ብላችሁ አትንዱት፣ እያጠማዘዛችሁ ንዱት። ስትታጠፉ በውጭ በኩል ያለው ክር ይፈጥናል፣ በውስጥ በኩል ያለው ይዘገያል። ዓሣ የሚይዘው የውጪው ከሆነ ፈጠን በሉ፤ የውስጡ ከሆነ ዝግ በሉ። ዓሣው ራሱ ነገራችሁ ማለት ነው።

ስለ ቀለሙ አንድ ነገር ብቻ ላክል። ኮካኒ ቀዝቃዛ ውሃ ይወዳል፤ ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው አካባቢ ይሰበሰባል። የኛ ሰው ለጉብኝት የሚሄደው ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ ነው። በዚያን ጊዜ እዚያ በጋ ስለሆነ የላይኛው ውሃ ይሞቅና ዓሣው ወደ ታች ይወርዳል። ብርሃን ወደ ውሃ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠፋው ቀይ ነው፣ ቀጥሎ ብርቱካንማ። አረንጓዴና ሰማያዊ ወደ ታች ይዘልቃሉ። ሱቅ መደርደሪያ ላይ እንደ እሳት የሚንቦገቦገው ቀይ ብረት ጥልቁ ውስጥ ጥቁር ነው። ጽሑፋችሁ ከዘረዘራቸው ቀለሞች አብዛኞቹ ለማለዳና ለላይኛው ውሃ ናቸው። ዶላር እንዲህ በተወደደበት ጊዜ ሰውን ያን ሁሉ ግዛ ማለት ከበድ ይላል። አንድ የብር ቀለም ያለው፣ አንድ ናስ ወይም መዳብ ይበቃል። መንጠቆው ላይ አንድ ሁለት ፍሬ ነጭ ጣፋጭ በቆሎ ስኩበት። ሐይቁ ማጥመጃ ምግብ የሚፈቅድ መሆኑን ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ሱቄ የሚመጡ ሰዎች ይህንን ብረት ሐዋሳ ወስጄ ልሞክረው ወይ ይሉኛል። ለቆሮሶ አይሆንም። ቆሮሶ በአብዛኛው አልጌ የሚመገብ ዓሣ ነው፣ ብልጭታ አያሳድድም። ጫሞ ያለው ናይል ፐርች አሳዳጅ ነው፤ ለሱ ግን ትልቅ ማታለያ ራሱን ችሎ ይጎተትለታል እንጂ ይህቺ ትንሽ ዶጀር አታስፈልገውም።

ለሚሄዱት አንባቢዎች አንድ ማሳሰቢያ ብታወጡ ደግ ነው። ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ ያለ ፈቃድ ማጥመድ ያስቀጣል። ከሲያትል በስተምሥራቅ ባለው የሳማሚሽ ሐይቅ ደግሞ ኮካኒው የቦታው ነባር ዘር ስለሆነና ቁጥሩ ስለተመናመነ የያዘ ሰው መልሶ መልቀቅ አለበት። የዶጀሩን የጎን ቅርጽ፣ ትክክለኛውን፣ የሰነፈውንና የበዛበትን፣ በወረቀት ነድፌ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። ቦታ ከተገኘ ሰዎቹ ሻንጣቸውን ሳያስሩ በሰኔ አትሙልኝ።

ከአክብሮት ጋር
የጋዜጣችሁ የዘወትር አንባቢ
ከፒያሳ፣ አዲስ አበባ