አባዬ፣ በአምቦ ውሃ እንዳትበርዘው

አባዬ፣ እንደምን ሰነበትክ? እማዬስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ወገቤ ብቻ ነው የከዳኝ።

ባለፈው «እዚያ ተራራ ላይ ምን ትሠራለህ?» ስትለኝ ካርዱ አልቆ ተቋረጠ። ወይን እየለቀምኩ ነው። እዚህ ጣሊያን፣ ሲሲሊ ደሴት ላይ፣ ከካታኒያ ከተማ በላይ ኤትና የሚባል እሳተ ገሞራ አለ፣ ከ3,300 ሜትር በላይ ነው፣ አሁንም እሳት ይተፋል። አንዳንድ ቀን ጠዋት ስንነሳ መኪናው፣ የተሰጣው ልብስ፣ ሁሉም ጥቁር አመድ ለብሶ ይጠብቀናል። የአገሩ ሰው ግን አይራገምም። «ተራራዋ» ነው የሚላት፣ እንደ ሴት፣ ስሟን እንኳ ሳይጠራ።

እኔ ያለሁት በሰሜን በኩል፣ ራንዳዞ አካባቢ ነው። ወይኑ አብዛኛው ከ1,000 ሜትር በታች ነው የተተከለው፤ እነሱ «ከፍታው!» እያሉ ሲኩራሩ እኔ በሆዴ እስቃለሁ፣ እኛ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ተቀምጠን ማን ተራራ ላይ ነኝ አለ? ብርዱ ግን ቀልድ አይደለም። ቀን ፀሐይ ይጠብስሃል፣ ማታ ጃኬት ትፈልጋለህ። ፍሬው ቀስ ብሎ የሚበስለውም ለዚህ ነው፤ ቆላው ለቅሞ ከጨረሰ በኋላ እኛ ጥቅምት ላይ ገና መቀስ ይዘን እንጎነበሳለን።

ማሳው እርከን ነው። ግድግዳው ያለ ሲሚንቶ በላቫ ድንጋይ የተካበ፣ ልክ የኮንሶን ይመስላል። ትራክተር አይገባም። በድሮው አተካከል እያንዳንዱ ግንድ ለብቻው ችካል ላይ ታስሮ እንደ ትንሽ ዛፍ ይቆማል። መቶ ዓመት ያለፋቸው አሉ! በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓን ወይን የፈጀው ሥር መጣጭ ተባይ አሸዋ ስለማይመቸው፣ ይሄ ጥቁር አሸዋ አንዳንዶቹን አተረፋቸው። ዘሩ ኔሬሎ ማስካሌዜ ይባላል፣ ማስካሊ ከምትባል ከተማ የመጣ ስም ነው። ከተማዋን እ.ኤ.አ. በ1928 ላቫ ዋጣት፤ አዲሷን ሌላ ቦታ ሠሯት።

ጣዕሙን እንዴት ልንገርህ? መጀመሪያ የገዛሁትን ጠርሙስ ፍሪጅ ውስጥ ከትቼ በረዶ አድርጌ ጠጣሁት፣ ምንም አልሸተተኝም፣ ምላሴን ብቻ አደረቀው። ጥፋቱ የኔ ነው። ሌላ ቀን አሠሪዬ ቀዳልኝና ግማሽ ሰዓት አስጠበቀኝ። ቀይ ቢሉትም ቀለሙ ሳሳ ያለ ነው፣ ብርጭቆውን ስትይዝ በወዲያ በኩል ጣትህ ይታያል። መጀመሪያ እንጆሪ ይሸትሃል፣ ቀጥሎ ጭስ ነገር፣ ከዚያ ካፊያ የነካው አቧራ። አፍ ላይ እንደ ወፍራም ሻይ ይይዛል። እንደ ጠጅ የሚያባብል ጣፋጭነት የለውም፤ እኔ ግን ከሁለተኛው ጉንጭ በኋላ ወደድኩት።

የጎረቤቴ ልጅ ለገና ስትመጣ አንድ ጠርሙስ ይዛልሃለች። ቴሌቪዥኑ አናት ላይ እንዳታስቀምጠው፣ ይሞቃል። ጾሙ ሲፈታ ከጥብስ ጋር ክፈተው። በአምቦ ውሃ እንዳትበርዘው አደራ! ከጓደኞችህ መሃል ኮካ ልጨምርበት የሚል ካለ እሱ ጠጁን ይጠጣ። እማዬንም አቅምሳት፣ ፊቷን ካጨማደደች ደውልልኝ።

ልጅህ