ጉዳዩ፦ ያልተገኛችሁበት ቀጠሮ

ጥቅምት 26 ቀን 2018 ዓ.ም.
ባሕር ዳር

ለማኅበራችን ጠበቃና ለጥብቅና ቢሮው ኃላፊዎች

በቅድሚያ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በጣና ክፍለ ከተማ የምንኖር የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ማኅበር ሰብሳቢ ሆኜ ነው። በስልክ ብዙ ተነጋግረናል። ከእንግዲህ ግን በጽሑፍ ይሁንልን።

የጋራ መገልገያ ቤታችንን በያዘብን በምድር ቤቱ ባለሱቅ ላይ የከፈትነው መዝገባችን ጥቅምት 11 ቀን ተቀጥሮ ነበር። ተከሳሹ ቀረበ፣ እናንተ አልቀረባችሁም። ፍርድ ቤቱም ከሳሽ አልቀረበም ብሎ ክሱን ውድቅ አደረገ፣ መዝገቡን ዘጋ። ይህን ከቢሮአችሁ ማንም ደውሎ አልነገረንም። የነገረን ራሱ ተከሳሹ ነው። የትዕዛዙን ግልባጭ ፎቶ ኮፒ አስደርጎ ለግቢው ዘበኛ ሰጠና «ለኮሚቴዎቹ አድርስልኝ» አለው።

እናንተ የላካችሁልኝ መልእክት እስካሁን ስልኬ ላይ አለ። «ቀጠሮው ወደ ኅዳር ስለተዛወረ መምጣት አያስፈልጋችሁም» ይላል። ቀጠሮው አልተዛወረም። ያንን መልእክት ባናገኝ ኖሮ ከኮሚቴው ቢያንስ አንድ ሰው ችሎት ይገኝ ነበር።

ይህ የጋራ መገልገያ ቤት ለእኛ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። የፋሲካ በግ የሚታረድበት ነው። ፎቅ ላይ ምጣድ መጣድ ያልቻሉ እናቶች እንጀራ የሚጋግሩበት ነው። ግድግዳው በጭስ ጠቁሯል። የእድሩ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበሮቹ፣ ትልልቆቹ ብረት ድስቶች እዚያ ነው የሚቀመጡት። የምድር ቤቱ ባለሱቅ መጀመሪያ የለስላሳ ሳጥን አስቀመጠበት፣ ለጊዜው ነው አለን። ቀጥሎ የሲሚንቶ ከረጢት ደረደረ። በመጨረሻ የኋላውን ግድግዳ ሰብሮ ከሱቁ ጋር የሚያገናኝ በር አወጣለት። ወደ እናንተ የመጣነው ያኔ ነው።

መጀመሪያ ላይ ጥሩ ሠርታችኋል፣ ይህን አልክድም። የእግድ ትዕዛዙን ቶሎ አስወጣችሁልን፣ ሰውየውም እጁን ሰበሰበ። ሰፈሩ እፎይ አለ። ያ እግድ ግን የቆመው በመዝገቡ ላይ ነበር። መዝገቡ ሲዘጋ እሱም አብሮ ወደቀ። በማግስቱ፣ በሚካኤል ዕለት፣ የበሩ ቁልፍ ተቀይሮ አገኘነው።

በዚያው ሳምንት ከሦስተኛው ብሎክ አንዲት እናት አረፉ። የእድሩ ዕቃ በሙሉ ውስጥ ተቆልፎበታል። ወጣቶቹ በመስኮቱ ፍርግርግ አሾልቀው የድንኳኑን ብረቶች ያያሉ፣ ማውጣት ግን አይችሉም። ባለሱቁ ተደወለለት፣ ስልኩ ዝግ ነው። ከሌላ ሰፈር እድር ድንኳን ተለምኖ እስኪመጣ ድረስ ለቀስተኛው ፀሐይ ላይ ተቀመጠ። የባሕር ዳርን ፀሐይ ታውቁታላችሁ። የሟች ልጅ ከዘጌ ማዶ ለመጡ ዘመዶቹ ጥላ ፈልጎ ከደረጃ ደረጃ ሲዞር አይቼዋለሁ። ምን ብዬ ዓይኑን ልየው? ሰብሳቢ እኔ ነኝ።

አሁን ወደ ሕጉ ልምጣ፣ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 73 መሠረት የተዘጋ ክስ በዚያው ጉዳይ እንደገና በአዲስ ክስ አይመጣም። በር የሚከፍተው አንቀጽ 74 ነው። ከሳሽ ያልቀረበበትን በቂ ምክንያት አስረድቶ ክሱ ውድቅ በተደረገ በአንድ ወር ውስጥ ትዕዛዙ እንዲነሳለት ማመልከት ይችላል። ወሩ እየሄደ ነው። ኅዳር 11 ሩቅ አይደለም። ቢሮአችሁ ስሄድ ግን «ጠበቃው መስክ ናቸው፣ ነገ ይመለሱ» እባላለሁ። ነገ ስሄድም ነገ ነው። ጊዜው የሚያልፈው በእኛ ላይ ነው፣ ጉዳቱም የእኛው ነው።

የገንዘቡ ነገርም አለ። ስንዋዋል 60 ሺህ ብር ተስማማን፣ ግማሹን ያኔውኑ ከፈልን። ከዚያ የትራንስፖርት፣ የኮፒ፣ የማስረጃ ማውጫ እየተባለ ይጠየቅ ጀመር። 15 በመቶ ቫትም ተጨመረ። ደረሰኝ ስንጠይቅ «ይሰጣችኋል» ተባልን፣ አልተሰጠንም። መንግሥት ያልሰበሰበውን ቫት እኛ ለማን ነው የከፈልነው? ይህን ጥያቄ ያነሱት የኦዲት ኮሚቴአችን አባል ናቸው። መልስ አልነበረኝም።

ይህ ብር ከየት እንደሚመጣ ታውቁ ዘንድ እፈልጋለሁ። እያንዳንዱ ቤት በወር 200 ብር ያዋጣል። የዘበኛ ደመወዝ፣ የደረጃ ጽዳትና አምፖል ከእሱ ነው የሚከፈለው። አምና ለፍሳሽ ማስመጠጫ ያስቀመጥነውን ለእናንተ ከፈልን። የእኛ ግቢ ለሐይቁ ቅርብ ነው። ክረምት ሲገባ የከርሰ ምድር ውኃው ከፍ ይላል፣ ጉድጓዱም ሳይታሰብ ይሞላል። በነሐሴ ሞልቶ ልጆች በሚጫወቱበት በኩል ፈሰሰ። የፍሳሽ መምጠጫ መኪና ለመጥራት እንደገና ቤት ለቤት እየዞርን ለመንን። የከፈለ ሁሉ የጠየቀን አንድ ነገር ነው፦ «የበፊቱስ የት ገባ?»

የኮሚቴው አባላት ደመወዝ የለንም። አንዷ ነርስ ናት፣ ከማታ ተረኛነት ወጥታ ስብሰባ ትቀመጣለች። አንዱ ባጃጅ ይነዳል። እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ሆኖም ደረጃ ላይ «ከጠበቃው ጋር ተካፍለው በሉት» የሚል ወሬ ይሰማል። ወሬውን የሚያቆመው ወረቀት ነው። ወረቀቱ ደግሞ ያለው እናንተ ዘንድ ነው። ደረሰኝ ሳይዝ ጠቅላላ ጉባኤ ፊት የሚቆም ኮሚቴ፣ ንጹሕ ቢሆንም እንኳ ሌባ ይመስላል።

ሌላም ያሳዘነኝ ነገር አለ። አንዲት ጎረቤታችን የዓመት መዋጮ፣ 2 ሺህ 400 ብር ውዝፍ ነበረባት። እናንተ «ትከሰስ» አላችሁን፣ ለክስ ማዘጋጃም 5 ሺህ ብር ጠየቃችሁ። እምቢ አልን። ሁለት ሽማግሌዎች ቤቷ ሄደው ቡና ጠጡ፣ ባለቤቷ ከሞተ ወዲህ እንደተቸገረች ነገረቻቸው። በየወሩ ትንሽ ትንሽ እየጨመረች ከፍላ ልትጨርስ ነው። ክስ የሚያስፈልገው ጉዳይ አለ፣ የባለሱቁ እንደዚያ ነው፣ ሽማግሌ ተልኮበት አሻፈረኝ ብሏል። ጎረቤት ከጎረቤት ሆድና ጀርባ የሚሆንበትን ክስ ግን ገቢ ያስገኛል ብሎ መምከር ከጠበቃ አይጠበቅም። የምንኖረው አንድ ደረጃ እየወጣን ነው።

እንግዲህ የምንጠይቃችሁ ይህ ነው። ማመልከቻውን እስከ ኅዳር 1 ቀን አስገቡልን፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ። የቀጠሮውን ቀን በስህተት የነገራችሁን እናንተ መሆናችሁን ፈርማችሁበት ከማመልከቻው ጋር አያይዙ። ያልቀረብንበት ምክንያት ይኸው ነውና ፍርድ ቤቱ ከእናንተው አፍ ይስማው። አብራችሁም እግዱ እንዲመለስልን አመልክቱ። ይህን የማታደርጉ ከሆነ ዛሬውኑ ንገሩን፣ ሌላ ጠበቃ ለማቆም ጊዜ ይኑረን። ያኔ የማኅበሩን ሙሉ ፋይል፣ የሳይት ፕላኑን ዋና ቅጂ ጨምሮ፣ አስረክቡን። ሳይት ፕላኑ ሌላ ቅጂ የለንም፣ ቤቱ የጋራ መሆኑን የሚያሳየውም እሱ ነው። ቀሪ ክፍያ ካለ ፋይሉን ማስያዣ አታድርጉት፣ በሂሳቡ እንተሳሰባለን።

ሂሳቡንም በዝርዝር እንፈልጋለን። ውክልና የተቀበለ ሰው ወካዩ ሲጠይቀው ስለ ሥራው ሂሳብ ማቅረብ እንዳለበት ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ይናገራል። የተቀበላችሁትን፣ ያወጣችሁትን፣ ለምን እንዳወጣችሁት በደረሰኝ አሳዩን። ደረሰኝ የሌለው ይመለስልን። ጉባኤው ኅዳር ውስጥ ይጠራል፣ ያን ወረቀት ይዤ ነው የምገባው።

እስከ ኅዳር 1 መልስ ካላገኘን ውክልናውን በሰነዶች ማረጋገጫ እንሽራለን፣ ለፈቃድ ሰጪው አካልም ከነማስረጃው እናመለክታለን። በስልኬ ላይ ያለው መልእክትና የትዕዛዙ ፎቶ ኮፒ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዘዋል። ደብዳቤውን የተቀበለው ሰው ስሙን ጽፎ ይፈርምልን።

ከሰላምታ ጋር
የማኅበሩ ሰብሳቢ

ግልባጭ፦
ለማኅበሩ ኦዲት ኮሚቴ
ለእድሩ ዳኛ
ለማኅበሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ