ሴፈርን ለምን ዘለላችኋት?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ባህር ብክለት ያወጣችሁትን አነበብኩት፣ አሪፍ ነው ግን እዚሁ አፍንጫችን ስር የነበረችውን ሴፈርን መዝለላችሁ ገርሞኛል። ለማያውቃት በ1976 እ.ኤ.አ. የተሰራች፣ የመን ራስ ኢሳ አጠገብ ቀይ ባህር ላይ የቆመች የነዳጅ መርከብ ናት፣ በ2015 ጦርነቱ ሲባባስ ጥገናዋ ቆመ፣ ሆዷ ውስጥ ግን ከ1.1 ሚሊዮን በርሜል በላይ ድፍድፍ ነበር። በ2020 ቧንቧ ፈንድቶ ሞተር ክፍሏ የባህር ውሃ ገባ፣ ጠላቂዎች ናቸው እንደምንም የደፈኑት!

ከዛስ? አካባቢውን የያዙት የየመን ታጣቂዎች፣ ሁቲዎቹ፣ ኤክስፐርት አናስገባም አሉ፣ ሀብታም መንግስታት ደግሞ ብሩ ላይ ዳር ዳር አሉ። ተመድ ከፈሰሰ ማጽጃው ብቻ 20 ቢሊዮን ዶላር ይፈጃል እያለ፣ እንዳይፈስ ለመከላከል የሚያስፈልገውን 140 ሚሊዮን ገደማ አጥቶ እንደ እድር መዋጮ ኦንላይን ከተራ ሰው ሳይቀር ለመነ (እውነት ነው፣ ቀልድ አይደለም)። በመጨረሻ ነሐሴ 2023 ነዳጁ ወደ ሌላ መርከብ ተገለበጠ፣ ሁቲዎቹና የየመን መንግስት ሽያጩ ላይ ስላልተስማሙ ግን እዛው ባህሩ ላይ ቀረ።

ዕቃችን በጅቡቲ ነው የሚገባው፣ ያ ሁሉ ነዳጅ ቢፈስ ወደቡ ተዘግቶ ምን ልንሆን ነበር? የኛ ባለስልጣናት ፕላን ነበራቸው ወይ ብላችሁ ጠይቁልን እስቲ።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ