የከተማችንን ጌጠኛ ጋሻዎች ከጥፋት ለመታደግ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ለከተማችን ተወላጆችና ወዳጆች በሙሉ፦

በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ የዘረፈውን ቅርስ በ15 ዝሆኖችና 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ጭኖ ከወሰደ በኋላ በደላንታ ሜዳ በጨረታ ሸጦ ገንዘቡን ለወታደሮቹ አከፋፍሏል። ከዚያ ዘመቻ ጋር የተወሰደ አንድ ጋሻ በ2016 ዓ.ም. በኒውካስል ከተማ ለጨረታ ሊቀርብ ሲል ኢትዮጵያ በማመልከቷ ከሽያጩ ወጥቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ወደ አገሩ ሲገባ ሁላችንም ተደስተናል። ከአገር ሳይወጡ የቆዩልን፣ በከተማችን ሙዚየም የሚገኙት ጋሻዎች ግን ዓይናችን እያየ በመበላሸት ላይ ናቸው።

ጋሻዎቹ ከጎሽ ቆዳ ተሠርተው ከፋይ የለበሱ፣ በብርና በነሐስ ያጌጡ ናቸው፤ ችግሩም የሚመነጨው እነዚህ ነገሮች በአንድ ዕቃ ላይ አብረው በመኖራቸው ነው። ቆዳው በክረምት እርጥበት ስቦ ይሻግታል፣ በበጋ ደርቆ ይኮማተራል፤ በዚህ መፈራረቅ ጌጡን የያዙት ምስማሮች ይላላሉ። በቆዳው ውስጥ ያለው ስብ ነሐሱን ሲነካ ደግሞ ሰም የመሰለ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል። ብል ቆዳውን ይበላል፣ ብርሃን ከፋዩን ያደበዝዛል። በቅን ልቦና የሚደረገው ውልወላም ቢሆን፣ እጅግ የሚያሳዝነን እሱ ነው፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ከብሩ ላይ ስስ ሽፋን እየገፈፈ የአንጥረኛውን ረቂቅ ቅርጽ ያጠፋል።

ስለዚህ የምንሰበስበው ገንዘብ በደንብ ለሚዘጉ የመስታወት ሣጥኖች፣ ለእርጥበት መለኪያና መጣጭ፣ እንዲሁም ጋሻዎቹን ለሚያክም የቅርስ ጥገና ባለሙያ አገልግሎት ይውላል። የሣጥኖቹ ክፈፍ ከብረት እንዲሠራ የወሰንነው እንጨት የሚያወጣው አሲዳማ ትነት ብረታ ብረትን ስለሚጎዳ ነው፤ በመሆኑም በሙያችሁ ልታግዙን የምትችሉ የብረታ ብረት ባለሙያዎች ጉልበታችሁ ከገንዘብ የማይተናነስ ስጦታ ነው።

በውጭ አገር የምትኖሩ ወገኖቻችንም የአቅማችሁን እንድታዋጡ በአክብሮት እንጠይቃለን። ለእያንዳንዱ መዋጮ ደረሰኝ ይሰጣል፤ የገቢና የወጪ ዝርዝርም በሙዚየሙ በር ላይ በየወሩ ይለጠፋል።

የአባቶቻችሁን ጋሻ በቤታችሁ ያኖራችሁ ቤተሰቦች፣ ንብረታችሁን አስረክቡን አንልም። ፎቶግራፍ አንስተን ታሪኩን እንድንመዘግብ ፍቀዱልን፤ እስከዚያው ድረስ ከምድጃ ጢስና ከፀሐይ አርቃችሁ አስቀምጡልን፣ ብሩንም አትወልውሉት።

አስተባባሪ ኮሚቴው