ከክሬምሊንግ ስለመጣው የገና ስጋችን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

ሰላም ለናንተ ይሁን። እኔ ኮሎራዶ ኦሮራ ከተማ የምኖር የዘወትር አንባቢያችሁ ነኝ። ይሄን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ህዳር መጀመሪያ ላይ ከእናቴ፣ ከባለቤቴ፣ ከወንድሜና ከሁለት ልጆቼ ጋር ሙል ዲር የሚባለውን አጋዘን ለማደን ስለወጣንበት ጉዞ ነው፣ ግን ወሬ ለማውራት ብቻ አይደለም፣ መጨረሻ ላይ የምጠይቃችሁ ነገር አለኝ። አደን ሄደን ነበር ብዬ ሰንበት ላይ ለሰው ሳወራ "እንዴ ይፈቀዳል እንዴ? ፖሊስ አይዛችሁም?" ያሉኝ አሉ፣ "እንስሳ መግደል ደግሞ ምን ደስ ይላል" ያሉኝም አሉ። ሁለቱም የሚጠየቅ ነገር ነው።

ይፈቀዳል፣ ግን ዝም ብሎ ጠመንጃ አንግቶ መውጣት የለም። ኮሎራዶ ውስጥ የአጋዘን ላይሰንስ የሚገኘው በእጣ ነው፣ ማመልከቻው ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ይዘጋል፣ እጣው ሲወጣልህ የትኛው ቀበሌ ውስጥ፣ በየትኛው ሲዝን፣ ወንድ ነው ሴት የምታድነው የሚለው ሁሉ ወረቀቱ ላይ ተጽፎ ይመጣል ከዛ ውጪ ንቅንቅ የለም። ከጃንዋሪ 1 ቀን 1949 ወዲህ የተወለደ ሰው ሁሉ ደግሞ መጀመሪያ የአዳኞች ትምህርት ወስዶ ፈተና ማለፍ አለበት። ልጅ ከ12 ዓመት ጀምሮ ትልልቅ እንስሳ ማደን ይችላል፣ ከ16 በታች ከሆነ ግን ሁልጊዜ የሚያየውና የሚሰማው አዋቂ አጠገቡ መኖር አለበት። እኔና የ14 ዓመት ልጄ ትምህርቱን አብረን ነው የወሰድነው፣ ማታ ማታ ከስራ ስገባ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን እሷ ትጠይቀኛለች እኔ እጠይቃታለሁ፣ እውነቱን ለመናገር ከዚህ ልጅ ጋር እንደዛ ቁጭ ብለን ያወራንበት ሌላ ጊዜ አላስታውስም። በመጨረሻ የወንድ አጋዘን ላይሰንሱ የደረሳት ለሷ ነው፣ እኛ ሁላችንም አጃቢ ሆንን።

የሄድነው ክሬምሊንግ የምትባል ትንሽ ከተማ አካባቢ ነው። ከዴንቨር በአይ 70 ወጥታችሁ የአይዘንሃወርን ዋሻ አልፋችሁ ሲልቨርቶርን ላይ ወደ ሰሜን ትታጠፋላችሁ፣ ከዛ መንገድ 9 ነው። እዚህ መንገድ ላይ ለእንስሳት ብቻ የተሰሩ ድልድዮች አሉ፣ ሁለት በላይ የሚያልፉ አምስት ደግሞ በስር የሚያልፉ፣ በ2016 ነው የተጨረሱት፣ ድሮ አጋዘኖቹ ክረምት ሲመጣ ከተራራ ወደ ቆላው ሲወርዱ መኪና ይጨርሳቸው ነበር፣ ሰውም ይሞት ነበር፣ አሁን አደጋው ወደ 90 ከመቶ ቀንሷል። ትንሹ ልጄ ይሄን ስነግረው መኪናውን አቁምልኝ አለ። ወርደን አየነው፣ አፈር የለበሰ ሳር የበቀለበት ድልድይ ነው ከስሩ ትራኩ ይሄዳል ከላዩ አጋዘን ይሻገራል።

ክሬምሊንግ ከባህር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ ነች፣ ለአዲስ አበባ የምትቀርብ ከፍታ ነች ግን ህዳር ላይ ብርዱ ሌላ ነው። ዙሪያው አብዛኛው የመንግስት መሬት ነው፣ አጥር የለውም ማንም ሰው ገብቶ መሄድ ይችላል፣ ዛፍ ብዙ የለም፣ ዓይን እስኪደክም ድረስ ግራጫ ቁጥቋጦ ነው። እናቴ ገና ከመኪና እንደወረደች ከቁጥቋጦው ቀነጠበችና በመዳፏ አሽታ አሸተተችው፣ "ይሄማ ጭቁኝ ነው" አለች። ከልቤ ነው የምላችሁ ቆዳዬ ነው የተነሳው፣ ምክንያቱም ልክ ነች፣ የኛ ጭቁኝና የነሱ ሴጅብረሽ የሚባለው ቁጥቋጦ በእጽዋት ሳይንስ አንድ ወገን ናቸው፣ ሁለቱም አርቴሚዥያ ከሚባለው ዘር ነው የሚመደቡት። ሙል ዲር ክረምቱን የሚያልፈው በረዶው ላይ ብቅ ያለውን ይሄን ቁጥቋጦ እየበላ ጭምር ነው። እናቴ ጎጃም ከብት እየጠበቀች ያደገች ሴት ነች፣ አሜሪካ ከመጣች ጀምሮ አፓርትመንት ውስጥ ነው ያለችው፣ እዛ ሜዳ ላይ ስትቆም ግን አረማመዷ ራሱ ተለወጠ።

ህጉ ጸሀይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ ጸሀይ ከገባች ግማሽ ሰዓት በኋላ ድረስ ነው የሚፈቅደው፣ ስለዚህ በጨለማ ተነስተን ነው የወጣነው። አዳኙ በግድ ደማቅ ብርቱካናማ ወይ ሮዝ ሰደርያና ኮፍያ ማድረግ አለበት ሌላ አዳኝ በስህተት እንዳይተኩስበት፣ እኛ ግን ሁላችንም ለበስን እናቴም በጋቢዋ ላይ ደርባ ለበሰች። የጽጌን ጾም ትጾማለች ስለዚህ ለመንገድ የያዝነው በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦና ሻይ ብቻ ነው። ባለቤቴና ትንሹ መኪናው ጋ ቀሩ፣ እኛ ሸንተረሩን ይዘን ነፋሱ ከፊታችን እንዲመጣ አድርገን በቀስታ ሄድን።

አጋዘኖቹን መጀመሪያ ያየቻቸው እናቴ ነች። እኔና ወንድሜ ባይኖክላር ይዘን ወዲያ ወዲህ ስንል እሷ በባዶ አይኗ "እዛ ጋ፣ ድንጋዩ ስር፣ ጆሮው ይታያል" አለች። እውነትም ጆሮ ነበር፣ ሙል ዲር ጆሮው እንደ በቅሎ ትልቅ ነው ስሙንም ያገኘው ከዛ ነው። አራት ሴቶችና አንድ ወንድ ነበሩ። ህዳር ላይ ወንዱ አንገቱ አብጦ ሴቶቹን ስለሚከተል ሌላ ጊዜ የሚጠነቀቀውን ያህል አይጠነቀቅም፣ ቀንዱ በሹካ በሹካ እየሆነ የሚከፈል ወጣት ነው፣ ጭራው ነጭ ጫፉ ጥቁር። ልጄ ተኛች፣ ጠመንጃውን ሻንጣው ላይ አስደገፈች። ወንዱ ቀስ እያለ ሄዶ ሸንተረሩ አናት ላይ ቆመ፣ ሙሉ ጎኑን ሰጥቷት፣ ከኋላው ሰማይ ብቻ ነው። ወንድሜ በጆሮዋ "በይ በይ አሁን" አላት። ልጄ ጣቷን ከምላጩ አወጣችና "ከኋላው አፈር የለም" አለች። ጥይት ቢስት ወይ ሰንጥቆት ቢያልፍ ከሸንተረሩ ማዶ የት እንደሚያርፍ አይታወቅም፣ በትምህርቱ ላይ ያነበብነው ነው። ወንዱም ሄደ፣ ከሸንተረሩ ማዶ ወርዶ ጠፋ።

አባት ሆኜ በህይወቴ ኮርቼ ካወቅኩ ያኔ ነው። እንስሳ መግደል ምን ደስ ይላል ለምትሉኝ መልሴ ይሄ ነው፣ ደስ የሚለኝ መግደሉ አይደለም፣ የ14 ዓመት ልጅ በእጇ የያዘችው ነገር ምን እንደሆነ አውቃ፣ አጎቷ እየገፋፋት፣ ልቧ እየመታ፣ እጣ የወጣላትን እድል አሳልፋ ስትሰጥ ማየት ነው። እኛ ያደግንበት አገር ጥይት ለሰርግም ለለቅሶም ወደ ሰማይ ይተኮሳል፣ የወረደው ጥይት የት እንደገባ የሚጠይቅ አልነበረም።

ከዛ በኋላ ብዙ ጠበቅን፣ ብርዱ አጥንት ይገባል፣ እናቴ አልንቀሳቀስም ብላ ዳዊቷን በቃሏ ትደግማለች። ረፋዱ ላይ ሴቶቹ ተመልሰው በታች በኩል መጡ ወንዱም ተከትሏቸው፣ አሁን ከኋላው ቁልቁለት ነው አፈር ነው። ተኮሰች። ከትከሻው ኋላ ነው የመታችው፣ ጥቂት ሮጠና ወደቀ፣ ሴቶቹ አራቱንም እግራቸውን አንድ ላይ እያነሱ እየዘለሉ ሄዱ። ወንድሜ ቢላ ይዞ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ እያለ ሮጠ፣ ግን ሲደርስ ነፍሱ ወጥታለች። አንገቱን ባረከ ቢሆንም።

እዚህ ላይ ነው ጥያቄዬ ያለው። እናቴ ያን ስጋ እስከዛሬ አልቀመሰችም። ነፍሱ ሳይወጣ ተባርኮ ካልታረደ አልበላም አለች፣ አልተቆጣችም አልከለከለችንም፣ እንዲያውም ስንበልት እግሩን የያዘችልን እሷ ነች፣ ለራሷ ግን አልሆነላትም። እኔ ዋላና ሚዳቋ በዘዳግም ምዕራፍ 14 ከሚበሉት እንስሳት ውስጥ መቆጠራቸውን አንብቤላታለሁ፣ "መበላቱንማ አውቃለሁ፣ አገዳደሉን ነው ያልኩህ" አለችኝ። ሙስሊም የስራ ባልደረባዬ እነሱ ጋ የአደን ስርአት በግልጽ የተጻፈ ነው፣ ሲተኮስ ቢስሚላህ ይባላል ብሎ አስረዳኝ። የኛስ? የድሮ አዳኞቻችን እንዴት ያደርጉ ነበር? እባካችሁ የቤተክርስቲያን ሊቃውንት ጠይቃችሁ መልሱን በጋዜጣችሁ አውጡልን፣ ለእናቴ ብቻ አይደለም፣ እኔ የማውቃቸው ሌሎች ቤተሰቦችም በዚሁ ነገር ሁለት ቦታ ተከፍለዋል።

ስለ ስጋው ትንሽ ልበል። እንስሳው እንደወደቀ መጀመሪያ የሚደረገው ከላይሰንሱ ላይ ያለውን ወረቀት ፈርሞ ቀን ጽፎ እስጋው ላይ ማሰር ነው፣ የሚበላውን ስጋ ሜዳ ላይ ጥሎ ቀንድ ብቻ ይዞ መሄድ ወንጀል ነው። ይሄ ህግ እኔን በጣም ደስ ይለኛል። በከረጢት አድርገን ተሸክመን እስከ መኪናው ተመላለስን። ቀጥሎ ምርመራ አለ፣ አጋዘኖችን አእምሮአቸውን የሚበላ ሲ ደብሊው ዲ የሚባል በሽታ አለ፣ መጀመሪያ የታወቀው እዚሁ ኮሎራዶ ፎርት ኮሊንስ በ1967 ነው። ሰው ላይ መተላለፉ አልታየም ግን በሽታው የተገኘበትን ስጋ እንዳትበሉ ይላሉ የጤና ባለስልጣኖች፣ ምግብ ማብሰልም አይገድለውም። ጭንቅላቱን ሆት ሰልፈር ስፕሪንግስ ላለው የዱር እንስሳት ቢሮ ሰጥተን ስጋውን ፍሪዘር ከተትን። ውጤቱ ነጻ ነው ተብሎ ሲመጣ ግን ህዳር 15 አልፎ የነቢያት ጾም ገብቷል! ስለዚህ መጀመሪያ የበላነው ለገና ነው። ስብ የሌለው ስጋ ስለሆነ ቅቤ በደንብ ይፈልጋል፣ ባለቤቴ ግማሹን ዝልዝል ጥብስ በጥብስ ቅጠል ሰራችው፣ ግማሹን በበርበሬ አሽታ ቋንታ ሰቀለችው፣ የኮሎራዶ አየር ደረቅ ስለሆነ ቶሎ ደረሰ። የዱር ስጋ ጥሬውን አይበላም፣ ክትፎ ወዳዶች ይሄን አደራ።

አንድ ነገር ደግሞ አገር ቤት ላላችሁት። እዚህ አገር ረጅም ጠመንጃና ጥይት ላይ 11 ከመቶ ቀረጥ አለ፣ በ1937 በወጣው ህግ መሰረት ገንዘቡ ለዱር እንስሳት ጥበቃ ይመለሳል፣ የላይሰንስ ገንዘቡም እንዲሁ፣ አዳኙ ነው የአጋዘኑን ወጪ የሚሸፍነው ማለት ይቻላል። ሲሜንና ባሌ ላይ ያለው ገበሬ ዋልያውና ኒያላው በመኖሩ ቤቱ የሚገባ ነገር ቢያይ ኖሮ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ቀላል ነው። በጃንዋሪና በፌብሯሪ እትማችሁ ላይ እንዴት እንደሚመዘገብ፣ ትምህርቱ የት እንደሚገኝ፣ ሽጉጥና ጠመንጃ ስለማስቀመጥ ህጉ ምን እንደሚል በአማርኛ አንድ ገጽ ብትሰጡልን፣ እንግሊዝኛው ከብዷቸው የተዉትን አባቶች አውቃለሁ፣ የእጣው ማመልከቻ ደግሞ ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ነው የሚዘጋው። ትንሹ ልጄ ዘንድሮ 12 ስለሚሞላው እኛ ሁለት ማመልከቻ ነው የምናስገባው፣ እናቴም እመጣለሁ ብላለች።

ከአክብሮት ጋር
ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ